ስለ ማጎ ዱርና ስለ ጠባቂዋ ዝንብ

ዱር የሚባለው ነገር ለብዙ ሰው ገና ያልታረሰ መሬት ብቻ መስሎ ይታየዋል። ገበሬ ሲያየው የእርሻ ስፍራ፥ ከብት ጠባቂ ሲያየው የግጦሽ ስፍራ፥ አዳኝ ሲያየው የክብርና የግዳይ ስፍራ ነው። ነገር ግን አንድ ዱር ሳይታረስና ሳይመነጠር፥ አራዊቱም ሳያልቁ ብዙ ዘመን የቆየ እንደ ሆነ፥ ያለ ጠባቂ አልቆየምና «ማን ጠበቀው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በአንዳንድ አገር ዱርን የጠበቀው የመንግሥት ትእዛዝ ነው፤ በአንዳንዱ የቤተ ክርስቲያን አጸድ መሆኑ ነው፤ በአንዳንዱም የገደሉ አስቸጋሪነት ነው። በደቡብ ኦሞ የሚገኘውን የማጎን ዱር ግን ከሁሉ አስቀድማ የጠበቀችው አንዲት ትንሽ ዝንብ ናት።

ይህን ነገር መምህራንና ሽማግሌዎች አጥርተው እንዲያውቁት የምንጽፍበት ምክንያት አለን። ይህች ጠባቂ ዛሬ ኃይልዋ እየደከመ ስለ ሄደ፥ በእርስዋ ፋንታ ማን እንደሚቆም አሁኑኑ ማሰብ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ስለ ስፍራው

ጂንካ የደቡብ ኦሞ ዋና ከተማ ሆና የኖረች ናት። ከባሕር ወለል በላይ 1500 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ፥ በአሪ ደጋ ጥግ ተቀምጣለች። የአሪ ሰዎች እንሰትና በቆሎ፥ ቡናና ማሽላ እያመረቱ፥ ንብም እያነቡ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ከዚሁ ደጋ የሚነሣው የነሪ ወንዝ በጂንካ አጠገብ አልፎ ወደ ቆላው ይወርዳል።

ከጂንካ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ቁልቁል በወረደ መጠን አየሩ እየሞቀ፥ ዛፉም ከደጋ ዛፍ ወደ ግራርና ወደ እሾሃም ቁጥቋጦ እየተለወጠ ይሄዳል። ወደ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ከተሄደ በኋላ በነሪ ወንዝ ዳር የማጎ ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ይገኛል። ፓርክ ማለት አራዊቱና ዕፅዋቱ ሳይነኩ እንዲኖሩ በሕግ የተከለለ አገር ማለት ነው። የማጎ ፓርክ በ1971 ዓ.ም. ግድም ተቋቋመ፤ ስፋቱም 2000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዝቅተኛው ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ 450 ሜትር ነው፤ የማጎ ተራራ ግን ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ስለዚህ በአንድ ፓርክ ውስጥ የበረሃ ቁጥቋጦም የደጋ ደንም ይገኛሉ።

ከፓርኩ ወደ ምዕራብ ራቅ ብሎ ታላቁ የኦሞ ወንዝ ይፈሳል። ከወንዙም ማዶ በ1958 ዓ.ም. ግድም የተቋቋመው የኦሞ ብሔራዊ ፓርክ ከ4000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይዞ ተዘርግቷል። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ እጅግ ጥንታዊ የሆነ የሰው ቅሪት ስለ ተገኘበት በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል።

በማጎ ዱር ዙሪያ የሚኖሩ ሕዝቦች ብዙዎች ናቸው። በደጋው በኩል አሪዎች፥ በምዕራብ ሙርሲዎችና ቦዲዎች፥ በደቡብና በምሥራቅ ሐመሮችና በናዎች፥ በኦሞ ዳር ካራዎችና ኩዌጉዎች ይገኛሉ። ከእነዚህ መካከል አብዛኞቹ ቆላማ ሕዝቦች ከብት አርቢዎች ሲሆኑ ከከብቱ ጋራ ማሽላና በቆሎ ይዘራሉ። ከብት ለእነርሱ ወተትና ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ጥሎሽ የሚሰጠው፥ ዕርቅ የሚፈጸመው፥ ክፉ ዘመን የሚታለፈው በከብት ነው።

በፓርኩ ውስጥ ከሚኖሩት አራዊት ስሙ የሚጠራው ጎሽ ነው። ከዚህም ሌላ ዝሆን፥ አንበሳ፥ ነብር፥ አጋዘን፥ አምበራይሌ፥ ድኩላ፥ ከርከሮ፥ እንሹ፥ ጉሬዛና ዝንጀሮ ይገኛሉ፤ ወፎቹም በብዙ መቶ ዓይነት ይቈጠራሉ። ዳሩ ግን ዝሆኑ ከቀድሞው እጅግ አንሷል፤ አውራሪስ ከዚያ አገር ፈጽሞ ጠፍቷል።

ሳይታሰብ ስለ ሆነው ማረፍ

ይህ ጽሑፍ የተወጠነው በዚሁ ፓርክ ውስጥ ሳናስበው ባረፍንበት ቀን ነው። በሚያዝያ ወር ለአንድ ትምህርት ቤት የሚሆኑ መጻሕፍት በመኪና ጭነን ከጂንካ ወደ ሐና ስንሄድ ነበር፤ ሐና የሳላማጎ ወረዳ ከተማ ናት፤ መንገዱም በማጎ ፓርክ ውስጥ ያልፋል። እኛ ወዳለንበት ዝናብ ሳይጥል በደጋው የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ወርዶ መሻገሪያውን ሞላው። መኪናውን ከወንዙ ዳር አቁመን ውሃው እስኪጎድል ድረስ ከአንድ የፓርክ ጠባቂ ጋራ በጥላ ሥር ተቀመጥን።

መኪናው እንደ ቆመ ዝንቦቹ መጡብን። እንደ ቤት ዝንብ በፊት ላይ የሚዞሩ አይደሉም፤ ድምፅ ሳያበዙ በልብስ ላይ ያርፋሉ፤ ከዚያም በልብሱ ላይ እንዳሉ ይወጋሉ። ከእኛ መካከል አብሮን የሚጓዘው መምህር ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት ለብሶ ነበር፤ ከሁላችንም ይልቅ የተወጋው እርሱ ነው። ነጭ ሸሚዝ የለበሰው ነጂ ግን ጥቂት ብቻ ተነካ። ጠባቂው ይህን አይቶ ሳቀና፥ «ጋሼ፥ ካፖርትዎን ያውልቁት፤ ይህች ዝንብ ሰማያዊና ጥቁር ትወዳለች» አለው። መምህሩ ካፖርቱን አውልቆ በቁጥቋጦ ላይ ቢያንጠለጥለው ዝንቦቹ ሰውዬውን ትተው ወደ ካፖርቱ ሄዱ።

ጥቂት ቆይቶ አንድ የሸመገለ ከብት ጠባቂ ከቁጥቋጦው ወጥቶ ወደ ጠባቂው መጣ። የመጣበትም ምክንያት ሁለት ላሞቹ ከስተውበት ስለ ነበረ በመኪናው ውስጥ የገንዲ መድኃኒት እንዳለ ለመጠየቅ ነው። ጠባቂው እያስተረጐመልን እንደ ነገረን፥ በሽማግሌው አባት ዘመን ከብቱን ወደዚህ ቆላ የሚያወርድ ሰው ሀብቱን በገዛ እጁ እንደሚያጠፋ ይቈጠር ነበር፤ አሁን ግን መርፌ ስለ ተገኘ፥ በላይም ሣር ስላነሰ ብዙ ሰው ይወርዳል። ለሽማግሌው የምንሰጠው መድኃኒት አልነበረንም። ከቀትር በኋላ ውሃው ጎደለልንና መንገዳችንን ቀጠልን። ይሁን እንጂ ከካፖርቱና ከሽማግሌው የተማርነው ነገር ቀጥሎ ያለውን እንድንጽፍ ምክንያት ሆነ።

ስለ ዝንቢቱ ጠባይ

ይህች ዝንብ በአገራችን የቆላ ዝንብ ወይም የገንዲ ዝንብ ትባላለች፤ በዓለም የታወቀችበት ስም ግን ጼጼ ነው። ስሙ በደቡብ አፍሪቃ ከሚነገረው ከሰትስዋና ቋንቋ የተወሰደ ነው። የምትኖረውም ከሰሐራ በረሃ በስተ ደቡብ ባለው በአፍሪቃ ምድር ነው። በኢትዮጵያ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ቆላዎች፥ ይኸውም በአባይና በዴዴሳ፥ በባሮና በአኮቦ፥ በጊቤና በኦሞ ሸለቆዎች እንዲሁም በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ትገኛለች። ደጋውን ብርዱ ይከለክላታል።

መልክዋ ቡናማ ነው፤ ከቤት ዝንብ ጥቂት ትበልጣለች። ባረፈች ጊዜ ሁለቱን ክንፎችዋን እንደ ተዘጋ መቀስ አንዱን በአንዱ ላይ ታነባብራለች፤ ከሌላ ዝንብ የምትለይበት አንዱ ምልክት ይህ ነው። ወንዱም ሴትዋም የሚኖሩት በደም ነው። የምትወደው ስፍራ በወንዝ ዳር ያለ ጥላና ቁጥቋጦ ነው፤ ገላጣ ሜዳ አይስማማትም።

የመዋለድዋ ነገር ከአብዛኞቹ ሌሎች ዝንቦች የተለየ ነው። የቤት ዝንብ በመቶ የሚቈጠር እንቁላል ስትጥል፥ የገንዲ ዝንብ ግን አንድ ትል ብቻ በሆድዋ ውስጥ በወተት መሰል ነገር እየመገበች አሳድጋ በ10 ቀን ያህል አንድ ጊዜ ትወልዳለች። የተወለደውም ትል ወደ አፈር ገብቶ አንድ ወር ያህል ከቆየ በኋላ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ አንዲት ዝንብ በዕድሜዋ ሁሉ የምትወልደው እጅግ ጥቂት ነው። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ በዝግታ የሚዋለድን ጠላት በትዕግሥት ማጥመድ ይቻላልና።

ዝንቢቱ ራስዋ ደም ከመምጠጥ በቀር ሌላ ጉዳት ባላደረሰች ነበር። ጉዳቱ የሚመጣው ከአንዱ ደም ወደ ሌላው ደም ከምታስተላልፈው ትሪፓኖሶማ ከሚባለው ተሐዋሲ ነው። ተሐዋሲው በዓይን አይታይም። በጎሽና በአጋዘን፥ በከርከሮና በድኩላ ደም ውስጥ ይኖራል፤ እነዚህ አራዊት ከእርሱ ጋራ ብዙ ሺህ ዘመን አብረው ስለ ኖሩ አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳቸውም። ወደ ላም ወይም ወደ በሬ በገባ ጊዜ ግን ገንዲ የሚባለውን በሽታ ያመጣል። ከብቱ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ሣር እያለው ይከሳል፤ ደሙ ያንሳል፤ ጠጉሩ ይቆማል፤ ላሚቱ ወተትዋ ይነጥፋል፤ ከብዳም እንደ ሆነ ታስወርዳለች፤ የእርሻው በሬ ቀንበር መሸከም ያቅተዋል፤ ካልታከመም በመጨረሻ ይሞታል። ፈረስና በቅሎም ከዚህ አያመልጡም።

ከተሐዋሲው ዓይነቶች አንዳንዶቹ በሰው ላይ የእንቅልፍ በሽታ የሚባለውን ያመጣሉ። ይህ በሽታ በአገራችን በ1959 ዓ.ም. በጋምቤላ ወገን መኖሩ ታውቋል። ከብዙ ከብት ሕማም ጋራ ሲነጻጸር በሰው ላይ የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ቸል ሊባል አይገባም።

ዝንቢቱ ዱሩን እንዴት እንደ ጠበቀች

ከዚህ በላይ ከተነገረው የሚከተለውን ማስተዋል ይቻላል። ዝንቢቱ ባለችበት ቆላ ጎሽ ይኖራል፥ ላም ግን አይኖርም። ላም በሌለበት ከብት አርቢ አይሰፍርም፤ በሬም ስለማይሰነብት በበሬ የሚያርስ ገበሬ አይወርድም። ሰው ካልሰፈረ ዛፉ አይቈረጥም፤ ዛፉ ካልተቈረጠ ጥላው ለዝንቢቱ መኖሪያ ይሆናል። እንዲህ እያለ ዱሩ ዝንቢቱን፥ ዝንቢቱም ዱሩን ሲጠባበቁ ኖረዋል። የመንግሥት ጠባቂ በማጎ ወንዝ ዳር ከመቆሙ በፊት እነሆ ይህ ጥበቃ ነበረ።

ይህ የተያያዘ ነገር ምን ያህል ጥብቅ እንደ ሆነ የሚያስረዳን የአባቶቻችን ታላቅ መከራ ነው። በ1880 ዓ.ም. ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በምፅዋ በኩል ገብቶ የአገራችንን ከብት ጨረሰ፤ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስም ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ ሆነ። ያ በሽታ ከብቱን ብቻ አልፈጀም፤ በምሥራቅ አፍሪቃ ጎሹንና ብዙ የዱር አራዊትን ፈጅቶ በ1889 ዓ.ም. እስከ ደቡብ አፍሪቃ ጫፍ ደረሰ። አራዊቱ ባለቁበት ብዙ ስፍራ የገንዲ ዝንብ የምትጠጣውን ደም አጥታ አብራ ጠፋች። ከዚያ በኋላ ግን ከብት የሚያሰማራ ሰው በማነሱ ባዶው ሜዳ ቁጥቋጦ ሆነ፤ አራዊቱ ሲመለሱ ዝንቢቱም ከነርሱ ጋራ ተመለሰች። የደስታ በሽታ ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው።

በሌላው አገር ሰዎች ይህን ትስስር አውቀው በክፉ መንገድ ሊበጥሱት ሞክረዋል። ቀድሞ ሮዴሽያ ትባል በነበረችው በዛሬይቱ ዚምባብዌ የቅኝ ገዢው መንግሥት ዝንቢቱን በረኃብ ለማጥፋት ሲል ብዙ መቶ ሺህ የዱር አራዊት በጥይት አስፈጀ። በዛንዚባር ደሴት ግን የተሻለ ዘዴ ተገኘ። በቤት ውስጥ የተረቡ ወንድ ዝንቦችን በጨረር መካን አድርገው በብዛት ለቀቁአቸው። ሴቲቱ ከመካኑ ወንድ ጋራ ተገናኝታ ሳትወልድ ስለ ቀረች፥ አንድም አውሬ ሳይገደል በ1989 ዓ.ም. ግድም ደሴቲቱ ከዝንቡ ነጻች። አገራችንም በዚያው ዘመን በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ይህን የመሰለ ሥራ ጀመረች።

ጠባቂዋ ስለ መድከምዋ

አሁን ዝንቢቱ ብቻዋን ማጎን ልትጠብቅ አትችልም። ምክንያቱም ብዙ ነው።

አንደኛው ምክንያት መድኃኒት ነው። ገንዲን የሚፈውስ፥ ለጥቂት ወራትም የሚከላከል መርፌ ስለ ተገኘ፥ ባለ ከብቱ ከፍሎ ወደ ቆላው መውረድ ይችላል። በከብት ጀርባ ላይ የሚፈስስ ዝንብ ገዳይ መድኃኒትም አለ። ይህ ለከብት አርቢው ታላቅ ጥቅም ነው፤ ለዱሩ ግን በሩ ተከፈተ ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ነው። በ2003 ዓ.ም. በኦሞ ሸለቆ የስኳር ልማት ከታወጀ ወዲህ ከባድ መኪና፥ ሠራተኛና ነጋዴ በዚያ አገር በዝቷል። መንገድ መጽሐፍንና መድኃኒትን ያመጣል፤ የአውሬ ሥጋና ቆዳ ፈላጊንም ያመጣል።

ሦስተኛው የጦር መሣሪያ ነው። ዱሮ በጦርና በቀስት የሚታደን አውሬ አሁን በአውቶማቲክ ጠመንጃ ይመታል። በዚህ ነገር የቆላውን ሕዝብ ብቻ መውቀስ ቅን ፍርድ አይሆንም። በደጋው አገራችንም ዝሆንና አንበሳ የገደለ ሰው ይሸለም፥ ሎቲ በጆሮው ያንጠለጥል፥ ይፎከርለትም ነበር። የዝሆን ጥርስ ለመሸጥ ብለው ወደ ኦሞና ወደ ማጂ የወረዱት አዳኞችም ብዙዎቹ ከደጋ የመጡ ናቸው።

አራተኛው ምክንያት ችግር ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ማጎ ፓርክ ሆኖ በተከለለበት ጊዜ ግድም፥ ይኸውም በ1971ና በ1972 ዓ.ም. ገደማ፥ ከሙርሲ ሕዝብ አንዱ ክፍል ድርቅና ረኃብ ስላስጨነቀው ዝናብ ወደሚሻልበት ወደ ላይኛው የማጎ ሸለቆ ወጥቶ ሰፈረ። ዝንቢቱ እንዳለች ያውቅ ነበር፤ ከብቱ እንደሚጎዳም ያውቅ ነበር፤ ግን ማሽላ የሚዘራበት መሬት ያስፈልገው ነበር። መንግሥት ለአራዊት የከለለው ስፍራና የተራበ ሕዝብ መጠጊያ ያደረገው ስፍራ በአንድ ዘመን ተገናኙ። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ ሦስተኛው ግድብም የኦሞን ሙላት ስለ ገታው፥ ሙላቱ ሲጎድል በእርጥቡ ዳርቻ ይዘራ የነበረው ሰው የሚዘራበትን ሌላ መሬት መፈለጉ አይቀርም። እንግዲህ «አትግቡ» የሚል ቃል ብቻ ለተራበ ሰው መልስ አይሆንም።

አንዳንድ ሰው፥ «ዝንቢቱ ዱሩን ከጠበቀች እንግዲያስ ትኑር» ሊል ይችላል። ነገር ግን የጎረቤትን ላም በመግደል የሚደረግ ጥበቃ ፍርድ ያለበት ጥበቃ አይደለም። ደግሞ ሰው መድኃኒት ካገኘ በኋላ ወደ ኋላ አይመለስም። ዝንቢቱ ስትጠብቅ የኖረችው ሳታውቀው ነው፤ ሰው ግን አውቆና ተማክሮ መጠበቅ ይገባዋል።

በዝንቢቱ ፋንታ ማን ይቁም

መንግሥት በበኩሉ ሕግ አቁሟል። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በ1901 ዓ.ም. ግድም ስለ ዝሆን አደን ደንብ ወጣ። በ1936 ዓ.ም. የአደን አራዊት መጠበቂያ አዋጅ ታወጀ። ከዚያም የዱር እንስሳት ልማት፥ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ታወጀ። በዚህ አዋጅ መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን የተከለከለ ነው። ዳሩ ግን 2000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነን ዱር ጥቂት ጠባቂዎች ብቻቸውን ሊያካልሉት አይችሉም። ሕጉ በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በየመንደሩ ሸንጎ መኖር አለበት።

ሸንጎ ዱርን ሊጠብቅ እንደሚችል የሚመሰክር ሥራ በአገራችን አለ። በሰሜን ሸዋ በመንዝ ጓሳ የሚባል ደጋማ ስፍራ አለ፤ ስሙም በዚያ ከሚበቅለው ረጅም ሣር የተነሣ ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፥ ለገመድና ለዝናብ መከላከያ ገሳ ያገለግላል። የመንዝ ሰዎች በአውሮፓ አቆጣጠር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖሩ። ሥርዓቱም እንዲህ ነው። ባላባቶቹ አባ ቄራ የሚባሉ አለቆች ይመርጣሉ፤ ስፍራው ለብዙ ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ደረሰ በተባለ ጊዜ በአንድ ቀን ይከፈትና ሁሉ በሥርዓት ያጭዳል፤ ከዚያም ተመልሶ ይዘጋል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በታወጀ ጊዜ ይህ ሥርዓት ፈረሰ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሕዝቡ ዘመኑን የተከተለ ደንብ አቁሞ ጥበቃውን መለሰ። በዚህም ምክንያት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ እስከ ዛሬ በጓሳ ይኖራሉ።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ነገር እንማራለን። መጀመሪያው፥ የመንዝ ሰዎች ጓሳን የጠበቁት ለቀበሮው ብለው አይደለም፤ ለሣሩ ብለው ነው። ቀበሮውና ጭላዳው በሣሩ ጥላ ተረፉ። ሰው የሚጠቀምበትን ነገር ይጠብቃል። ስለዚህ የማጎን ዱር የሚያዋስኑ ሕዝቦች ከጥበቃው የሚያገኙት ጥቅም ሊታያቸው ይገባል፤ ይኸውም ከጎብኚ የሚገኘው ገንዘብ ለትምህርት ቤትና ለውሃ ጉድጓድ ሲውል፥ ልጆቻቸው በጠባቂነት ሲቀጠሩ፥ ለከብታቸው ሕክምና ከፓርኩ ውጭ ሲደርስላቸው ነው። ሁለተኛው፥ በጓሳ የሚዘጋበትም የሚከፈትበትም ጊዜ ነበረ። በማጎ ዙሪያም በክፉ ዘመን ከብት የት ይጠጋ፥ የት ድረስ ይግባ፥ መቼ ይውጣ የሚለው ነገር ድርቁ ሳይመጣ አስቀድሞ በፓርኩ ሹማምንትና በየሕዝቡ ሽማግሌዎች መካከል ቢመከርበት፥ በረኃብ ቀን ጠመንጃ ከመማዘዝ ያድናል።

ለመምህራንና ለሽማግሌዎች የሚሆን ምክር

መምህራን ይህን ነገር በክፍል ሲያስተምሩ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ቢያደርጉ ይጠቅማል።

አንደኛ፥ የነሪን ወንዝ ሥዕል በሰሌዳ ላይ ስለው ከአሪ ደጋ እስከ ኦሞ ድረስ ያሳዩ። የደጋው ልጅ በተራራው ላይ የሚቈረጠው ዛፍ በቆላ ደራሽ ውሃ እንደሚያመጣ፥ የቆላውም ልጅ የሚጠጣው ውሃ ከደጋው ዛፍ ሥር እንደሚመጣ ይረዳ።

ሁለተኛ፥ ዝንቢቱን ከሌላ ዝንብ ለይተው እንዲያውቁ፥ የክንፍዋን አስተጣጠፍና የአወላለድዋን ዝግታ ያስረዱ። ወደ ቆላ የሚወርድ ልጅ ሰማያዊና ጥቁር ልብስ ትቶ ነጣ ያለ ወይም አፈር የመሰለ ልብስ እንዲለብስ ይምከሩት።

ሦስተኛ፥ በመንደራቸው ዝንቢቱ ካለች ከወረዳው የእንስሳት ሐኪም ጋራ ተማክረው ወጥመድ ያቁሙ። ወጥመዱ ከሰማያዊና ከጥቁር ጨርቅ ተሰፍቶ በላዩ መረብ ይደረግበታል፤ የላም ሽንት በዕቃ ተደርጎ አጠገቡ ቢቀመጥ ሽታው ዝንቢቱን ይስባታል። ወጥመዱ የሚቆመው በመንደርና በውሃ መውረጃ አጠገብ እንጂ በፓርኩ ውስጥ በገዛ ፈቃድ አይደለም።

አራተኛ፥ ገንዲ የያዘው ከብት ባለቤት መርፌውን ከገበያ ገዝቶ በግምት እንዳይወጋ ያስጠንቅቁ። መድኃኒቱ ከልክ በታች ሲሰጥ ተሐዋሲው ይለምደዋል፤ በኋላም መርፌው አይሠራም። ከቆላ የተመለሰ ሰው የማይለቅ ትኩሳትና ራስ ምታት፥ ቀን ቀን የሚይዝ እንቅልፍ ያገኘው እንደ ሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ በቆላ ዝንብ መወጋቱን ለሐኪሙ ይንገር።

ሽማግሌዎች ደግሞ ክብርን የሚሰጡ እነርሱ ናቸውና የክብሩን መንገድ ሊያቀኑ ይችላሉ። ጎሽ የገደለ ጎልማሳ የሚመሰገነው ሽማግሌ ስላመሰገነው ነው። ሽማግሌ ምስጋናውን ከገዳዩ አንሥቶ፥ የአዳኞችን ወጥመድ አግኝቶ ላስታወቀ፥ የጠፋ ከብት ለመለሰ፥ ወይም በሁለት ሕዝብ መካከል ዕርቅ ላወረደ ጎልማሳ ቢሰጠው፥ ከብዙ ቅጣት ይልቅ ይሠራል።

በመጨረሻም በየትምህርት ቤቱ አንድ መዝገብ እንዲከፈት እንመክራለን። ሽማግሌዎች በየዓመቱ ከመከር በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ መጥተው፥ በዚያ ዓመት ዝንቢቱ እስከየት እንደ ወጣች፥ ስንት ከብት በገንዲ እንደ ታመመ፥ ጎሽና ዝሆን በየት እንደ ታየ ይናገሩ፤ ተማሪዎቹም ቀኑንና የስፍራውን ስም ጨምረው ይጻፉ። መዝገቡ አሥር ዓመት ከሞላው በኋላ ለፓርኩም ለእንስሳት ሐኪሙም ማስረጃ ይሆናል፤ ለልጆቹም አገራቸውን የሚያውቁበት መጽሐፍ ይሆንላቸዋል።